የወይንሸት ጢም

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ መሳቅ ያማረውም ቀስ ብሎ ይሳቅ፤ የሚሳቅባት ልጅ እዚሁ አጠገባችን ናትና።

ወይንሸት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በእነሱ ቤት ድርሰት እንደ ሹራብ ነው፤ የታላቅ የነበረውን ታናሽ ይወርሰዋል። መምህር ደርበው በየዓመቱ መስከረም ላይ «የክረምት እረፍቴ» የሚል ርዕስ ይሰጣሉ፤ ወይንሸትም ታላቅ ወንድሟ ሙሉሰው ድሮ ያቀረበውን እንዳለ ገለበጠችው። ስትገለብጥ ልብ ብላ እንኳ አላነበበችውም። ክፍሉ ፊት ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «በዚህ ክረምት ጢሜ ማቆጥቆጥ ጀመረ፤ ምላጭም ተገዛልኝ» አለች።

ክፍሉ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ገና ወደ ቦታዋ ሳትመለስ ስሟ «ባለጢሟ» ሆነ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ምድር ግን ለማን ብላ ትከፈታለች። መምህር ደርበው አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የራሷን ርዕስ መርጣ፣ አንድ ገጽ ጽፋ፣ ነገ እዚያው ቆማ እንድታነብ ነገሯት። ያለዚያ ውጤቱን የምሰጠው ለጢሙ ባለቤት ነው አሉ።

እንግዲህ ወይንሸት የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ርዕስ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ እስክሪብቶዋን ጻፍልኝ አለችው። እስክሪብቶም ርዕስ ሳይኖር አልጽፍም አላት። ትልቅ ርዕስ ያስከብራል ብላ ሀገርን ጠራች። ሀገር ተራራዋንና ወንዟን አስከትላ መጣችና፣ እኔ አንድ ገጽ ውስጥ አልገባም፣ ከተማ ከእኔ ይቁረስልሽ አለች። ሀገር ገጽ ውስጥ አልገባም አለች፣ እስክሪብቶ አልጽፍም አለ፣ ወይንሸትም ያለ ርዕስ ቀረች።

ተነስታ ወደ ከተማ ሄደች። ከሀገር ቁረስልኝ ብላ ለመነችው። ከተማ በመናኸሪያና በገበያ ጩኸት ተወጥሮ በደንብ እንኳ አላያትም። እኔ ራሴ መች ገጽ ውስጥ እገባና ነው፣ ሰፈር ከእኔ ይቁረስልሽ አላት። ከተማ ከሀገር አልቆርስም አለ፣ ሀገር ገጽ ውስጥ አልገባም አለች፣ እስክሪብቶ አልጽፍም አለ፣ ወይንሸትም የሹራቧን አንገት እስከ አፏ ሳበችው። አገጯ ላይ አንዲት ፀጉር እንደሌለች እያወቀች፣ አገጯን ሰው እንዳያይባት ታፍር ነበር።

ሰፈር ደረሰች። ሰፈር ወሬውን ከእሷ ቀድሞ ሰምቶታል፤ የውሃ ቦኖው ጋ የተሰለፉት ልጆች አገጫቸውን እያሻሹ አሳለፏት። ሰፈርም፣ የሁሉ ሰው ጓዳ እኔ ጋ ነው፣ የማንን ጽፈሽ የማንን ልትተዪ ነው፣ ይልቅ ቤትሽ ከእኔ ይቁረስልሽ አላት። ሰፈር ከከተማ አልቆርስም አለ፣ ከተማ ከሀገር አልቆርስም አለ፣ ሀገር ገጽ ውስጥ አልገባም አለች፣ እስክሪብቶ አልጽፍም አለ፣ ወይንሸትም እንባዋ መጣ።

ቤቷ ደጃፍ ደረሰች። ቤት አዘነላት። ለአንቺማ ምን ጠፍቶ፣ ነገር ግን ደጄ ላይ ሀፍረት ተጋድሟል፣ እሱ ሳይነሳ ምንም ማውጣት አልችልም አላት። ቤት ከሰፈር አልቆርስም አለ፣ ሰፈር ከከተማ አልቆርስም አለ፣ ከተማ ከሀገር አልቆርስም አለ፣ ሀገር ገጽ ውስጥ አልገባም አለች፣ እስክሪብቶ አልጽፍም አለ፣ ወይንሸትም ደጅ ቆማ ቀረች።

ሀፍረትን ተነስልኝ አለችው። ሀፍረት ሰው ፊት አያይም፤ መሬት መሬቱን እያየ መለሰላት።

«ስሜን አውጥተሽ ካልጠራሽኝ አልነሳም።»

ሀፍረት ከደጅ አልነሳም አለ፣ ቤት ከሰፈር አልቆርስም አለ፣ ሰፈር ከከተማ አልቆርስም አለ፣ ከተማ ከሀገር አልቆርስም አለ፣ ሀገር ገጽ ውስጥ አልገባም አለች፣ እስክሪብቶ አልጽፍም አለ። እኔ እንኳ ተናግሬ ደከመኝ፤ እሷ ቆማ እንዴት አትድከም።

ያን ጊዜ ወንድሟ ሙሉሰው ከቤት ብቅ አለና ምን እንደሆነች ጠየቃት። ከሁሉ የምታፍረው እሱን ነበር፤ የእሱን ጢም ነው አደባባይ ያወጣችው። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሙሌ፣ ድርሰትህን ገልብጬ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ጢምህንም ጭምር። አፈርኩ።»

ሙሉሰው አንገቱን አከከ።

«ጢሙ የእኔም አይደለም» አላት። «የአጎታችን የተካ ነው። እሱ ትምህርት የጀመረው አድጎ ስለሆነ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ እውነትም ጢም ነበረው። እኔም ሳነበው ተስቆብኛል።»

ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ ቀረህ አለችው።

«አፍሬ።»

ሀፍረት ስሙን ከሁለቱም አፍ ሲሰማ ልብሱን አራግፎ ተነሳ። ሀፍረት ከደጅ ተነሳ፣ ቤት ከሰፈር ቆረሰ፣ ሰፈር ከከተማ ቆረሰ፣ ከተማ ከሀገር ቆረሰ፣ ሀገር ገጽ ውስጥ ገባች፣ እስክሪብቶ ጻፈ። ወይንሸትም ርዕሷን አገኘች፤ «የአጎቴ ጢም»። ከአንድ ሰው አገጭ የማይሰፋ ርዕስ ነው፤ ገጹ ግን ጢም ብሎ ሞላ።

በማግስቱ እዚያው ቆማ አነበበችው። ጢሙ ከአጎት ለወንድም፣ ከወንድም ለእህት እንዴት እንደተላለፈ ስትናገር ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ቀጠለች። መምህር ደርበው ግን አልሳቁም። ተካን አስተምረዋል፤ ሙሉሰውንም አስተምረዋል። ያንኑ ጢም ደጋግመው ሰምተውት፣ ልብ ሳይሉት ቀርተዋል። ብድግ ብለው ዳስተሩን አነሱና ከሰዓት ለሚገባው ክፍል ሰሌዳው ላይ የጻፉትን «የክረምት እረፍቴ» አጠፉት።

«ይህን ርዕስ እኔም ከመምህሬ የወረስኩት ነው» አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ውጤቱ በወይንሸት ስም ተጻፈ። ባለጢሟ መባሏ ግን አልቀረላትም፤ አሁን ሲጠሯት አቤት ትላለች።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ዳቦውን ተዉትና ከየቤታችሁ የምታፍሩባትን አንዲት ትንሽ ነገር ቁረሱልኝ።