በቅሎዋ ውሃ እስክትጠጣ

እንግዲህ ይቅርታችሁን። በዚህ ዕድሜዬ ቁም ነገር ማውራት ሲገባኝ ስለ ሸረሪት ላወራ ነው። «ተረት» ስላችሁ «እንስማው» በሉና ጥፋቱን ተካፈሉኝ።

በዱሮ ዘመን እመት ድሪቱ የምትባል ሸረሪት ነበረች። ሥራዋ ዝንብ የማያሳልፍ መጋረጃ መሥራት ነው። ዋርካ ላይ ሠራች፣ ዝናብ በጠሰው። ግራር ላይ ሠራች፣ ዝናብ በጠሰው። ክረምቱ ሳይጠና ጣሪያ ሥር ካልገባች፣ በነጭ ከረጢት የጠቀለለቻቸው እንቁላሎቿ በጎርፍ መሄዳቸው ነው። በዚያ አገር ጣሪያ ያለው ደግሞ አያ አንበሳ ብቻ ነው።

አያ አንበሳ በየማለዳው በበቅሎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አንበሳ በበቅሎ ይሄዳል ወይ እንዳትሉኝ፤ ንጉሥ በእግሩ አይሄድም። በቅሎዋን ለምን እንደማይበላት ግን እኔም ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ባለጉዳይ አንገቱን ደፍቶ፣ መሬት መሬት እያየ ይናገራል፤ በቅሎዋ ጠጥታ ቀና ስትል ጉዳዩ አለቀ።

በመጀመሪያው ቀን ድሪቱ ቀረበች።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«እንዴት ሰነበቱ? እመቤቲቱስ?»

«ደኅና ናት።»

«ደቦሎቹስ? አሞት የነበረው ነብርስ ተሻለው?»

«ተሻለው።»

በቅሎዋ ቀና አለች። አያ አንበሳ ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ፣ «ደግ ሴት ነበረች። ምን ፈልጋ ይሆን?» አለ።

ይህን ያየው ቁራ፣ ምክር የሚሰጥ ነውና፣ መጣ።

«እመት ድሪቱ፣ ማን መሆንሽን ሳያውቅ ምን ይስጥሽ? ለመሆኑ ራእይ አለሽ?»

«የለኝም። እንቁላል ነው ያለኝ።»

«በይ ራእይ ልስጥሽ» አላትና አስጠናት።

በሁለተኛው ቀን ድሪቱ ቀረበች።

«እኔ ድሪቱ ነኝ፤ የፈትለወርቅ ልጅ። ፈትለወርቅ የሐረጓ ልጅ…» እያለች ሰባት ትውልድ ቆጠረች። «ራእዬ ዱሩን በሙሉ በድር መሸፈን ነው።»

«ዱሬን ልትሸፍኝብኝ?» አለ አያ አንበሳ። በቅሎዋም ቀና አለች። ደንግጦ ሲነሳ የውሃ መቅጃ ቅሉን እንኳ ድንጋይ ላይ ረስቶት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ድሪቱ የቀራት ፈትል ለአንድ መጋረጃ ብቻ የሚበቃ ነው። ከረጢቷን ታቅፋ ቅሉ ሥር ተጠልላ አለቀሰች።

«አታልቅሺ» አላት ቅሉ። «ከኮርቻ ተንጠልጥዬ ስንቱን ባለጉዳይ ሰማሁ መሰለሽ። ሁሉም ስለ ራሱ ያወራል። ጌታዬ ግን ግራ ዓይኑን ዝንብ እየወረረው ሰባት ቀን እንቅልፍ አላየም። ሁሉም አንገቱን ስለሚደፋ፣ ይህን ያየ የለም።»

«ንጉሥን ቀና ብሎ ማየት ነውር አይደል?»

«ነውር ነው። ጎርፉ ግን ነውር አያውቅም።»

በሦስተኛው ቀን አያ አንበሳ ቅሉን ፍለጋ ተመለሰ። በቅሎዋ አፏን ውሃ ውስጥ ነከረች። ድሪቱ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«ጌታዬ፣ ያ ዝንብ እንቅልፍ ነስቶዎታል። እኔ ዝንብ የማያሳልፍ መጋረጃ እሠራለሁ። ከጣሪያዎ ሥር አንድ ጥግ ይስጡኝ፤ ነገ ዝንብ ካዩ ከነልጆቼ ያባርሩኝ።»

ጨረሰች። በቅሎዋ ገና ሁለተኛውን ጉንጭ አልዋጠችም።

«ሌላስ?» አለ አያ አንበሳ።

«ሌላ የለኝም።»

«ሰላምታስ?»

«ዝንቡ ይሂድልዎትና እመለስበታለሁ።»

አያ አንበሳ ግራ ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ቅሉ ውስጥ ግቢ፤ እንሂድ» አላት።

ያን ዕለት ከነከረጢቷ ገብታ፣ በቀራት ፈትል መጋረጃዋን ዘረጋች። በማግሥቱ አያ አንበሳ ረፋድ ድረስ ተኝቶ ሲነቃ፣ ከጣሪያው ጥግ «እንዴት አደሩ ጌታዬ? እመቤቲቱስ? ደቦሎቹስ?» የሚል ድምፅ ሰማ። እዚያ ቀና የምትል በቅሎ ስላልነበረች ሰላምታው እስከ ቀትር ዘለቀ።

ለዚህ ነው «የራስህን ከማውራትህ በፊት የሰሚህን ዓይን እይ፤ በቅሎዋ እየጠጣች ነው» የሚባለው።

እኔ ጨረስሁ። አደራችሁን፣ ለማንም አትድገሙት። በተለይ ቁራው እንዳይሰማ፤ ሥልጠና ይከፍትበታል።