ስሙ የጠፋው መልካ

በወለቃ ወንዝ ዳር ሽማግሌ ስም ቢጠፋው አይሳቅበትም። ይህ ልማድ የመጣው አንድ ክረምት ላይ ከደረሰ ነገር ነው።

አያ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገደኛ ሲያሻግሩ የኖሩ ዋናተኛ ነበሩ። ካረጁ ወዲህ ግን ስም እየጠፋቸው ተቸገሩ። አንዷን ልጃቸውን ለመጥራት የእህቶቿን ስም ሁሉ ያዳርሳሉ። «እየጃጀሁ ይሆን?» እያሉ ለብቻቸው ይሰጉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራጋው የሚባል ጎረምሳ ምጥ የጠናባትን ሚስቱን ለይላን በቃሬዛ አሸክሞ ደረሰ። አዋላጇ እማማ ዘሐራም አብረው ነበሩ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ደጋው ላይ ደግሞ ሰማዩ ያጉረመርማል።

አያ እንድሪስ የተለመደውን የመሻገሪያ መልካ አዩና፣ «በዚህ አይሆንም፤ ጎርፉ ሆዱን ቦርቡሮታል። ከላይ አባቴ ያሳየኝ ሌላ መልካ አለ» አሉ።

«ማን ይባላል?» አለ አራጋው።

አያ እንድሪስ አፋቸውን ከፈቱ። ስሙ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ሸካሚዎቹ ተያዩ።

«ቅድም እኔንም ጀማል ብለውኛል» አለ አራጋው። «ስሙን እንኳ የማያውቁትን መልካ አምኜ ሚስቴን አላስገባም። በዚሁ እንግባ።»

የፊተኛው ሸካሚ ሁለቴ እንደተራመደ እስከ ደረቱ ሰመጠ። ቃሬዛው ተዘነበለ፤ ለይላ ጮኸች። በስንት መከራ ጎትተው አወጧቸው።

አሁን ሁሉም ወደ አያ እንድሪስ ዞረ። ሽማግሌው ቢሳሳቱ የሁለት ነፍስ ዕዳ ነው።

«አታጣድፉኝ፤ የሚጠፋኝ ስትጣደፉብኝ ነው» አሉና ወንዙን ይዘው ሽቅብ ሄዱ። አንዲት ዋርካ አጠገብ ቆሙ፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እግራቸው ጠፍጣፋ አለት አገኘ፤ ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ ግራ ታጠፈ። ውኃው ከጉልበታቸው አላለፈም።

«ኮቴዬን ተከተሉ» አሉ።

የመጨረሻው ሸካሚ ማዶ እንደወጣ ደራሽ ውኃው ግንድ እያንከባለለ መጣ። ለይላ ጀንበር ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያው ውስጥ በሰላም ተገላገለች።

አራጋው የአያ እንድሪስን ጉልበት ሳመ። «ይቅር ይበሉኝ። የመልካው ስምስ መጣልዎት?»

«ኧረ አልመጣልኝም፣ ልጄ።»

እማማ ዘሐራ ሕፃኑን እየጠቀለሉ ቀና አሉና፣ «ስሙን ተወው፣ አራጋው፤ አፍ ቢዘነጋ እግር አይዘነጋ» አሉት።