የአያ ውድነህ ጠማማ ካብ

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ። ጆሮውን ቤቱ ትቶ የመጣ ካለ ሄዶ ያምጣ።

የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ሲነቅሉ፣ ይኼ ዋርካ በዱላ ልክ ሳለ፣ በዚህ አገር አያ ውድነህ የሚባል ገመድ ገማጅ ነበረ። ድሃ ነበረ። ደግ ነበረ። ግን ቶሎ ግራ የሚገባው ሰው ነበረ። ሰው ሲስቅ ምን እንዳሳቀው ይዞርበታል፤ ሰው ሲቆጣ ደግሞ የባሰ ይዞርበታል።

የሰንበቴው ማኅበር አለቃውን፣ ሙሴ የሚሉትን፣ በዕጣ ይመርጥ ነበረና አንድ ዓመት ዕጣው በእሱ ላይ ወጣ። ሊሸሽ ፈለገ። ቄሱ ግን «እግዜር የመረጠውን ማን ይመልሳል?» አሉት።

በዚያው ዓመት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን የወንዝ መሻገሪያ ጎርፍ ወስዶት ነበረ፤ ማሠራቱም በሙሴው ላይ ወደቀ። የአያ ውድነህ እናት እማሆይ አስካለ ደግሞ በጣም አርጅተዋል። «ለፍልሰታ ሳልቆርብ እንዳልሞት» ይሉታል። ጧት ይሉታል፣ ማታ ይሉታል። ፍልሰታ ክረምት ነው፤ ክረምት ወንዙ ሰው ይበላል። ዝናቡ ሳይገባ ከወንዙ ግራና ቀኝ ካብ ተክቦ ግንድ ካልተጋደመ፣ እማሆይ ምኞታቸውን ይዘው መቃብር ሊወርዱ ነው። የማኅበሩ ሰዎች ሽማግሎች ናቸው። ጉልበቱ ያለው ጎረምሶቹና ኮረዶቹ ዘንድ ነው። እነሱ ደግሞ ጉብታው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያላግጡበት ይውላሉ።

አያ ውድነህ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ ለመናቸው። «እሺ» አሉ። ሁሉም «እሺ» አሉ። እሺ ይበልጣል ከሺ ብሎ ደስ አለው። በማግስቱ ወንዝ ወርዶ ጠበቀ። ፀሐይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ አዘቀዘቀች። አንድም ልጅ አልመጣም። «እሺ ብለው ነበር እኮ!» አለ ለወንዙ።

ቀጥሎ ሚስቱ ዳቦ ደፋች፣ ጠላ ጠመቀች። ይኼን ጊዜ መጡ። ያልተጠሩትም መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ። መርቀውት ሄዱ። ድንጋይ ግን አልተነሣም። አያ ውድነህ ባዶውን ጋን እያየ ቆመ። የገመድ ውል ጠፍቶበት አያውቅም፤ የነዚህ ልጆች ውል ግን ጠፋበት። እናቱ ዘንድ ገብቶ አለቀሰ።

«እማሆይ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጀምረው እንጂ!» አሉት።

ብቻውን ጀመረ። ገመድ እንጂ ድንጋይ አያውቅም። ትንሹን ከታች፣ ትልቁን ከላይ፣ ድቡልቡሉን ከጠርዝ አደረገ። ካቡ እንደ ሰካራም ወደ ወንዙ አዘነበለ። ውኃ ልትቀዳ የመጣች ማንጠግቦሽ የምትባል ኮረዳ አየችና ሳቀች። ስቃ ስቃ እንስራዋን አስቀመጠች።

«አያ ውድነህ፣ ይኼ እኮ ሰው ይገድላል!» አለችና የላይኛውን ድንጋይ ገፍታ ጣለችው።

«ተይ ልጄ! ምን በደልሁሽ?» ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረምሶቹ ከጉብታው ወረዱ። ደርሶ የሚሉት «እንዲህ አይደለም የሚካበው» አለ። «አንተ ደግሞ መቼ ክበህ ታውቃለህ?» አለችው ማንጠግቦሽ። ተጨቃጨቁ። አፈረሱ። ካቡ። ደግሞ ተጨቃጨቁ። በማግስቱ ማንም ሳይጠራቸው መጡ፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ሊያርም። አያ ውድነህ ድንጋይ ሲያነሣ «ይተዉት፣ ያበላሹታል!» እያሉ ከእጁ ይቀሙታል። ሥራዬን አፈረሱብኝ ብሎ እያዘነ፣ ዳር ተቀምጦ ገመዱን ገመደ። በዚያው ገመድ ግንዱን ጎትተው አጋደሙት።

ፍልሰታ ገባ። እማሆይ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ድልድዩ ላይ ወጡ። መሀል ላይ ቆሙ።

«ማን ሠራው?»

«ልጆቹ።»

«አንተስ?»

«እኔማ አበላሸሁ። ለምን እንደመጡም አልገባኝ።»

እማሆይ ሳቁ። «እንኳን አበላሸህ፣ ልጄ!» አሉት። ተሻግረው ቆረቡ። መስቀል ሳይጠባ ዐረፉ። ቃሬዛቸውን በዚያው ድልድይ ላይ ተሸክመው ያሻገሩት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የሰንበቴው ሥራ ሲጀመር፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሙሴው አጣምሞ ያስቀምጣል። ግራ እንደገባው ሰውም ዳር ይቀመጣል። ልጆቹ ነገሩን እያወቁት፣ እየሳቁ መጥተው ይነቅሉታል። አንድ ኩሩ ሙሴ ቀጥ አድርጎ ቢያስቀምጠው ብቻውን ሲክብ ከረመ ይባላል። ልጆች እንቢ ያሉት ሰውም «እንደ ውድነህ አጣምመህ ጀምር» ይባላል።

ዐውቆ ነበር ወይስ ሳያውቅ? አባቴ «ዐውቆ ነው» ይል ነበር። እናቴ «ኧረ የት ዐውቆ!» ትል ነበር። እኔም ስንት ዘመን አስቤ አስቤ እንደዞረብኝ አለሁ። በሉ፣ ነገሩን እንደምችለው ካብሁላችሁ። የተጣመመ ካለ ተነሡና አቃኑት።