ቤቷ የዞረባት ቀንድ አውጣ

ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዣት የዞርኳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ ያላለቀ ነገር ለሰው ማሳየት ይገባል ወይ? መልሱን ከመጻሕፍት ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ በተረት ልጠይቅ። እኔ «ልቀጥል?» ስል እናንተ «ቀጥዪ!» በሉኝ። ዝም ካላችሁ አፍሬ እተወዋለሁ።

ልቀጥል?

እንስሳት በሚናገሩበት፣ ነፋስም ወሬ በሚያመላልስበት በዚያ ዘመን አንዲት ዓይነ አፋር ጃርት ከገደል ሥር ትኖር ነበር። ከጀርባዋ የወደቀውን እሾህ ጥላሸት ውስጥ እየነከረች በደረቀ ኮባ ላይ ትሥል ነበር። ሥዕሎቿ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ካቆመበት ሌላው ይነሣል። ታሪኩ ቤቷን ተሸክማ ፀሐይ የምታድርበትን አገር ልታይ ስለተነሣች ቀንድ አውጣ ነው።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ ነበር፤ ያላለቀ ሥራ ለዓይን አይሰጥም። ወፍ ጎጆዋን ሳትጨርስ ጎረቤት አትጠራም። ሸረሪት ድሯን ሳትጨርስ እንግዳ አትቀበልም። «ዓይን ይገባበታል» ይላሉ። ጃርትም ሥዕሎቿን ጉድጓዷ ውስጥ ሸሸገች። አንድ ዓመት ሸሸገች። ሁለት ዓመት ሸሸገች። ሦስት ዓመት ሸሸገች።

አንድ ቀን እሾኋ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ከጀርባሽ የወረድኩት ለዚህ ጨለማ ነው?»

«ስጨርስ አሳያለሁ» አለች ጃርት።

«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

«ቀንድ አውጣዋ ስትደርስ።»

«እሷማ ቀንድ አውጣ ናት!» አለ እሾህ።

ነፋስ በጉድጓዱ አፍ ሆኖ ይህን ይሰማ ነበር። ነገር መቆስቆስ ይወዳልና ሽው ብሎ ገባ፤ የመጀመሪያውን ኮባ አፈፍ አድርጎ ወሰደው፤ እንስሳቱ በየሰባት ቀኑ ጨዋማ አፈር ሊልሱ ከሚሰበሰቡበት ምንጭ ዳር ጣለው።

ጃርት እየሮጠች ስትደርስ ሁሉም ከበውታል።

«ይቺ ምስኪን ወንዝ ዳር ቆማ ቀረች እኮ!» ትላለች ቆቅ። «በምን ልትሻገር ነው?»

«ማነው የሣለው?» አለ አያ ዝንጀሮ።

ጃርት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እኔ ነኝ። ግን አላለቀም።»

«እሱንማ እያየነው! ቀጣዩን አምጪ!»

በሰባተኛው ቀን ሁለተኛውን ይዛ መጣች። ቀንድ አውጣዋ ቅጠል ላይ ተሳፍራ ወንዙ መሀል ትንሳፈፋለች። እንስሳቱ እልል አሉ። ጃርት በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እሾኾቿ እርስ በርስ ሲንኳኩ እንደ ጸናጽል ይሰሙ ነበር።

በሚቀጥለው ሰባተኛ ቀን ሦስተኛውን አመጣች። ቀንድ አውጣዋ ማዶ ደርሳለች። ቀስ ብላ የምታይ እመት ኤሊ አንገቷን አወጣች።

«ልጄ፣ ባለፈው የቤቷ ጥምዝ ወደ ቀኝ ነበር። አሁን ወደ ግራ ዞሯል።»

ጃርት አየችው። እውነት ነው፤ ተሳስታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቆቅ ግን ዘላ ተነሣች። «ወንዙ ነዋ ያዞረባት! አዙሪቱን አታውቁትም እንዴ?»

«እህ! ለካ ለዚህ ነው!» ብለው ሁሉም ሣቁ። ደስ ብሏቸው ነው የሣቁት።

ከምንጩ አጠገብ ካለው ሾላ ላይ ግን ቁራ ጮኸ። «ቋ! አላልኩም? ዓይን ገባበት! ከእንግዲህ አያምርም!»

ጃርት ከዚያ ሁሉ ድምፅ የቁራን ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሦስቱንም ኮባ ሰብስባ ካልታዩት ጋር ደረበቻቸው። «ጨርሼ ካልሆነ አልወጣም» አለች። አንድ ሰባት ቀን አለፈ። ሁለት አለፈ። ሦስት አለፈ።

ልቀጥል?

አንድ ጠዋት ሃያኛውን ሥዕል ከመጀመሯ በፊት አስራ ዘጠኙን ልታይ ስትሄድ ከኮባዎቹ የቀረው እፍኝ ዱቄት ነው።

«ምስጥ! ምን አደረግሽኝ?»

«ምን እናውቃለን እመት ጃርት?» አለች ምስጥ አፏን እየጠረገች። «ጨለማ ውስጥ ተቆልሎ ማንም አያየውም። የተጣለ መስሎን ነው።»

ጃርት ባዶ እጇን ወደ ምንጩ ወረደች። «ከዓይን ሸሽጌ ለጥርስ ሰጠሁት» አለችና አለቀሰች። «ታሪኩ ሞቷል። አትጠብቁኝ።»

እመት ኤሊ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በመጀመሪያው ላይ ወንዝ ዳር ቆማ ነበር። አንዱ ቀንዷ አጠር ያለ።»

«በሁለተኛው የሾላ ቅጠል ላይ ተሳፈረች» አለ አያ ዝንጀሮ።

«የዋንዛ ነው!» አለች ቆቅ።

«የሾላ! ለልጆቼ ይህን ታሪክ በየማታው በሾላ ቅጠል እያልኩ አይደል የምነግራቸው!»

ጃርት እንባዋን ጠረገች። «የዋንዛ ነው» አለች በቀስታ። «ኮባ አለ?»

ኮባ መጣ። እዚያው በፊታቸው አንደኛውን ሣለች፤ ሁለተኛውን ሣለች። ሦስተኛው ላይ የቀንድ አውጣዋን ቤት በትክክል ወደ ቀኝ ልታዞር እሾኋን ስታነሣ እመት ኤሊ ጮኸች። በሕይወቷ ጮኻ አታውቅም።

«ወደ ግራ! እንዳታርሚው! ወንዙ ነው ያዞረባት!»

ሦስቱ ተመለሱ። የቀሩት አስራ ስድስቱስ? ማንም አላያቸውምና ማንም አላስታወሳቸውም። ጃርት ራሷ ግማሹን ረስታለች። ተሸሽገው የኖሩት እንደተሸሸጉ ቀሩ።

አራተኛውን እንደ አዲስ ጀመረች። በጠፋው ሥዕል ቀንድ አውጣዋ ብቻዋን ተራራውን ትወጣ ነበር። አሁን ግን ቤቷ ዞሯል፤ ቤቷ ሲዞር እሷም ወደ ኋላዋ ዞራ ተመለከተች። ከወንዙ ማዶ አንዲት ኤሊ፣ አንድ ዝንጀሮና አንዲት ቆቅ ቆመው «በርቺ!» እያሉ እጅና ክንፍ ያውለበልባሉ።

ምንጩ ዳር ጩኸቱ ቀለጠ። ቆቅ ራሷን ሥዕሉ ላይ አይታ ሦስት ጊዜ ተገለባበጠች። አያ ዝንጀሮ «አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?» እያለ ዳር ዳሩን ዞረ።

ቁራ ከሾላው ወርዶ ሰው ያላየው መስሎት በጎን አጮለቀ።

«ቋ... እና ከዚያስ? ተራራውን ወጣች?»

ሁሉም በሣቅ ፈረሱ፤ ጃርትም ሣቀች። አራቱን ኮባዎች ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ በገሃድ ሰቀለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ አንድም ሥዕል ጉድጓዷ ውስጥ አላደረም።

እናንተም «ቀጥዪ» ብላችሁኛል፤ ጥያቄዬ ተመልሷል። የሚወድ ዓይን የጀመሩትን ሥራ አይበላም፤ ይጠብቃል።

እኔም ሰባት ዓመት ከአልጋዬ ሥር የኖረ የሥዕል ታሪክ አለኝ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ገጽ ሁሉም በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የጀግናዋ ግራ እጅ ስድስት ጣት አለው። አላርመውም።