ጊደሯ የተነዳባት ባልቴት

አንዲት አፈኛ ባልቴት ጊደሯን ሌባ ነዳባት። ዱካ ተከትላ ብትሄድ በሌባው በረት ውስጥ ታስራ አገኘቻትና ወደ ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ገሰገሰች።

የፓትሮል ኃላፊው «እኛ የምንይዘው ሲሰርቅ ያገኘነውን ነው። ይሄ ሰርቆ ጨርሷል፤ ምርመራ ክፍል ይሂዱ» አላት። የምርመራው ደግሞ «እኛ የምንፈልገው ያልታወቀ ሌባ ነው፤ የእርስዎ ታውቋል» ብሎ ወደ ማረፊያ ቤት ላካት። የማረፊያ ቤቱም «እኛ በመጣልን ላይ እንቆልፋለን እንጂ ሄደን አናመጣም። ፓትሮልን ይጠይቁ» አላት። እንዲህ ስትዞር ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጠዋት አዛዡ ኮማንደር ደምመላሽ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ሦስቱን ኃላፊዎች ከጎኑ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ክፍል ሕዝቡን እንዴት እንደሚያገለግል ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ «ቅሬታ ያለው አለ?» ቢል ባልቴቷ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ እኔ ብቻዬን ሌባውን በአንድ ቀን አገኘሁት፤ ፖሊስ ግን በሦስት ሳምንትም አላገኘሁም።»

ሕዝቡ ሳቀ። የኮማንደሩ ፊት በርበሬ መሰለ። «መሥሪያ ቤቱን ትሰድቢያለሽ? ይቺን ሴትዮ እሰሩልኝ!» ብሎ ጮኸ።

የፓትሮሉ ኃላፊ የምርመራውን አየው፤ የምርመራው የማረፊያ ቤቱን አየው፤ የማረፊያ ቤቱም መልሶ የፓትሮሉን አየው። ከወንበሩ የተነሣ ግን የለም።

ባልቴቷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን አንሥታ፣ መንገድ እየጀመረች እንዲህ አለች፦

«አይቸኩሉ ጌታዬ። እነሱ የማን ሥራ እንደሆነ እስኪስማሙ፣ እኔም እንደ ሌባዬ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን ልብላ።»