የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?

አንዲት እናት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ታሪኩን ለእናንተ እንዳወራ የፈቀደችልኝ ግን ራሷ ናት። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሶስና ትባላለች። ባሏ ደግሞ ዳምጠው ይባላል።

ዳምጠው ምን ይሠራል? የመጸዳጃ ቤታችሁ ጉድጓድ ሲሞላ መኪና ትጠሩ የለም? ያ ትልቅ ታንከር የተሸከመ፣ ወፍራም ቱቦውን እየጎተተ ግቢያችሁ የሚገባው፣ እናንተ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት የምትሮጡለት መኪና? የዚያ መኪና ባለቤትም ሾፌርም እሱ ነው። ከሠፈር ሠፈር ሲጠራ ይውላል። ቤቱን የሚያስተዳድረው በዚሁ ሥራ ነው። ደስተኛ ሰው ነው። ልጁን ደግሞ ሲወዳት ለጉድ ነው።

ሶስና ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሞላትና አንደኛ ክፍል የምትገባበት ጊዜ ደረሰ። በአካባቢያቸው ስሙ የገነነ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ። እናትየዋ ልጄ እዚያ ካልገባች ሞቼ እገኛለሁ አለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ የነበረው ባዶ ቦታ አርባ ነው። የተመዘገቡት ሕፃናት ከሰባት መቶ በላይ ናቸው። ለአርባ ወንበር ሰባት መቶ ሕፃን! የጽሑፍ ፈተና አለ። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስገብተው ያነጋግሩታል።

እናትየዋ በምዝገባው ቀን ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ከፊቷ የነበረች አንዲት ሴት ዞር አለችና፣ "የጽሑፉ ምንም አይደል። የሚጥሉት ሲያነጋግሯቸው ነው" አለቻት።

"ምን ብለው ነው የሚያነጋግሯቸው?"

"የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ይሏቸዋል። በዚያ የማን ልጅ እንደሆኑ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ይገባሻል።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ!"

ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ወገኖቼ፣ ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ስንት ጊዜስ አምናችኋታል? ያቺ እናትም አመነች። በእጇ በያዘችው ቅጽ ላይ "የአባት ሥራ" የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነበር። "የግል ሥራ" ብላ ጻፈች። ውሸት አይደለም። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ሆዷ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ልጅቷን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣታለች። ፊደል ቁጠሪ። የቀለሞችን ስም በእንግሊዝኛ ንገሪኝ። ከዚህ ላይ ይህ ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ሶስና ጎበዝ ናት፤ ሁሉንም ትመልሳለች። አንድ ቀን እናትየዋ በሩን ዘጋችና ዋናውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

"የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?"

ሶስና ፊቷ በራ። "አባዬ የሰው ሁሉ ሽንት ቤት ያጸዳል! ትልቅ መኪና አለው!"

"እንደዚያ አይባልም።"

"ለምን?"

"አይባልማ! ኢንጂነር ነው በይ።"

"ኢንጂነር ምንድን ነው?"

"ኢንጂነር ነው፣ በቃ! በይ ድገሚው።"

"አባቴ ኢንጂነር ነው።" ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ "አባዬ ያውቃል?" አለች።

"ለአባዬ እንዳትነግሪው! ለማንም እንዳትነግሪ። እውነቱን ከሰሙ ያባርሩሻል። ገባሽ?"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ገብቷታል። ልጆች የምንፈራው ነገር ቶሎ ይገባቸዋል፣ ወገኖቼ። ፊደል ለማስቆጠር ወራት ይፈጅብናል፤ ፍርሃት ለማስተማር ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶስና ምሳዋን እየበላች በመሀል ጉርሻዋን ታቆምና፣ "እማዬ፣ ያባርሩኛል?" ትላለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ዳምጠው የክት ኮቱን ለብሶ ተነሣ፤ አብሮ ሊሄድ ነው። "አንተ ቅር፤ ከአንድ ወላጅ በላይ አያስገቡም" አለችው። የአፏ ቅልጥፍና ራሷን አስደነገጣት። እሱ ልጁን ግንባሯን ስሞ፣ "አይዞሽ፣ የእኔ አንበሳ" ብሎ ሸኛቸው።

ልጅቷ ገባች። እናትየዋ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ስትወጣ ሮጣ ተቀበለቻት።

"ምን ጠየቁሽ?"

"ስለ አባዬ።"

"ምን አልሽ?"

"ኢንጂነር ነው አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"መምህሯ ጎበዝ አለችኝ።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ሶስና ዳምጠው፣ ሠላሳ አንደኛ ላይ። እናትየዋ ሰው መሀል እልል አለች። ዳምጠው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ዞረ።

እንግዲህ ፍርሃቱ አለቀላት ትላላችሁ? ኧረ ምን ሲደረግ! ገና ያን ጊዜ ጀመራት እንጂ።

ዳምጠው፣ "ልጄን ጠዋት እኔ ላድርሳት" ሲል፣ "ለእኔ መንገዴ ነው" ትለዋለች። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ለብቻዋ ትሄዳለች። የሶስና የክፍል ጓደኛ ኤልዳና ቤታችሁ ልምጣ ስትል፣ "ቤታችን እየታደሰ ነው በያት" ትላለች። ከትምህርት ቤቱ በተደወለላት ቁጥር አወቁብኝ ብላ ትደነግጣለች፤ የሚደውሉት የደብተር መግዣ ቀን ለመናገር ነው። አንድ እውነት ለመደበቅ ስንት ውሸት እንደሚያስፈልግ ሞክራችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ልጅቷስ? አንድ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ከክፍሏ ልጆች አንዷ በማዶ አለፈች። ሶስና እጇን ከአባቷ እጅ መንጭቃ አወጣች። ዳምጠው ቤት ገብቶ፣ "ልጅሽ አድጋልሻለች፤ እጇን መያዝ አስጠልቷታል" ብሎ እየሳቀ ነገራት። እሱ ሳቀ። እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም።

ኅዳር ላይ ነው፤ ዕለቱ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ። እናትየዋ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጠራ። ዳምጠው ነው። ድምፁ እንደ ሕፃን ይስቃል።

"ዛሬ የት እንደጠሩኝ ገምቺ!"

"የት?"

"ሶሲ ትምህርት ቤት! ጉድጓዱ ሞልቶባቸው ነው። በር ላይ ደርሻለሁ። እረፍት ሲወጡ አያታለሁ ማለት ነው!"

አትግባ አትለው ነገር፣ ምን ብላ? ግባ አትለው ነገር፣ እንዴት? ስልኩን ዘግታ አለቃዋን ሳታስፈቅድ ወጣች። ታክሲ ያዘች። መንገዱ ተዘጋግቷል። መሀል ላይ ወርዳ ሮጠች። እየሮጠች ጸለየች። ምን ብላ እንደጸለየች ታውቃላችሁ? "አምላኬ፣ እንዳይተያዩ አድርግልኝ!" አባትና ልጅ እንዳይተያዩ ጸለየች። ፍርሃት ጸሎታችንን ሳይቀር እንዲህ ያደርገዋል።

ደረሰች። የብረቱ በር ዝግ ነው። በፍርግርጉ መሀል ታየች። መኪናው ግቢው ዳር ቆሟል፤ ቱቦው መሬት ላይ ተዘርግቷል። የእረፍት ደወል ተደውሎ ልጆቹ ወጥተዋል። አፍንጫቸውን ይዘው "ኡፍ! ኡፍ!" እያሉ ይንጫጫሉ። ዳምጠው ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ በዐይኑ ልጁን ይፈልጋል። አገኛት። ጓንቱን አውልቆ እጁን ወደ ላይ አነሣና፣ "ሶሲ! ሶሲዬ!" ብሎ ተጣራ።

ልጆቹ በሙሉ ወደ ሶስና ዞሩ።

ኤልዳና፣ "ያውቅሻል እንዴ?" አለቻት።

ሶስና አባቷን አየችው።

"አላውቀውም" አለች።

ከዚያም በጩኸት፣ "አላውቀውም! የእኔ አባት ኢንጂነር ነው!"

የግቢው ዘበኛ መጣ። የማይታወቅ ሰው ሕፃን ልጅ በስም ሲጠራ ማን ዝም ይላል? "አንተ! ልጅቷን ከየት ታውቃታለህ?" ብሎ አፈጠጠበት።

ዳምጠው እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ልጁን አያት። ከእግር እስከ ራሷ ትንቀጠቀጣለች። ነገሩ ባይገባውም ልጁ መፍራቷ ግን ገብቶታል።

"ይቅርታ፣ ወንድሜ" አለ። "ተሳስቼ ነው። ልጄ መስላኝ ነው።"

ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ልጁን ለማዳን ሲል ልጄ አይደለችም አለ።

እናትየዋ ይህን ሁሉ በፍርግርጉ አይታለች፤ ሰምታለች። ከእሷ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩን አንኳኩቶ "ባሌ ነው፤ አባቷ ነው" ማለት። ስንት ቃል ነው? አራት ቃል! አላለችም። ወደ ኋላ ሸሸችና ግንቡን ተደግፋ ቆመች። በሩ ሲከፈት፣ መኪናው ሲወጣ፣ እዚያው ነበረች። ዳምጠው አያት። እሷ መሬት መሬት አየች። መኪናው ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ፤ ሳይቆም አለፋት።

ወደ ቢሮዋ አልተመለሰችም። ልጆቹ እስኪለቀቁ እዚያው አጥሩ ሥር ቆየች። ሶስና ቦርሳዋን ተሸክማ ወጣች፤ ሮጣ እጇን ያዘቻት። ትንሽ እንደሄዱ ቀና ብላ ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ?

"እማዬ፣ በደንብ አልኩ አይደል? አሁን አያባርሩኝም አይደል?"

ልጅቷ ሙገሳ ፈልጋ ነው! የተማረችውን ትምህርት በደንብ አጥንታ፣ ተፈትና፣ አልፋ፣ ጎበዝ በይኝ እያለቻት ነው።

እናትየዋ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል፤ እሷ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለቻት። ልጅቷ ግን እናቷ ስላለቀሰች የባሰ ፈራች።

ዳምጠው አመሻሽ ላይ ቤት ሲገባ ሁሉን ነገረችው። አልጮኸም። እንዲህ አለ፦

"በእኔ ማፈርሽ አይደለም የከበደኝ። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ ሰው አፍንጫውን ሲይዝብኝ ለምጄዋለሁ። ግን ልጄን ስጠራት ደነገጠች። እኔን አይታ! የምትፈራ ከሆነ ወደ እኔ ነው መሮጥ የነበረባት። እኔን ከፈራች ወደ ማን ትሂድ?"

በነጋታው ሦስቱም አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ፀዳለ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እናትየዋ ሁሉንም ተናገረች። "ልጄን ካባረራችኋትም ይሁን፤ ይህ ሰው ግን ባሌ ነው፤ አባቷ ነው" አለች። ከአንድ ቀን በኋላም ቢሆን አለችው።

ወይዘሮ ፀዳለ የልጅቷን ፋይል አወጡ። አገላበጡና ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩላት።

"እስቲ አንብቢው፣ እኅቴ። ያን ጥያቄ ለሁሉም ሕፃን እንጠይቃለን። ልጁ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር መቻሉን ለማወቅ ነው። ምን ብሎ እንደመለሰ ማንም አይጽፈውም።"

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ሐሳቧን በግልጽ ትናገራለች።"

ይኸው ነው። ያ ሁሉ ፍርሃት፣ ያ ሁሉ ውሸት፣ ያቺ ሕፃን በልጆች ፊት መንቀጥቀጧ፣ ማንም ለማይጽፈው መልስ ነበር።

ሶስና አልተባረረችም። ዛሬም እዚያው ትማራለች። ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት አባቷ ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አለቀ ብላችሁ እንድትሄዱ በወደድኩ። ግን እናትየዋ እያለቀሰች የነገረችኝን ልደብቃችሁ አልችልም። ልጅቷ ዛሬም ቢሆን ሰው ፊት "አባዬ" ብላ ከመጥራቷ በፊት ዞር ብላ የእናቷን ፊት ታያለች። ይፈቀዳል? ልበል? ብላ በዐይኗ ትጠይቃለች። "ፍርሃቱን ያስገባሁት በአንድ ቀን ነው" አለችኝ። "ማስወጣቱ ግን ይኸው ዓመት አለፈው።"

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ይህቺ ሴት ክፉ እናት ናት? አይደለችም! ልጇን የምትወድ እናት ናት። ግን ከፍቅሯ ፊት ፊት ፍርሃቷ ሄደ። እስቲ ልጠይቃችሁ። ልጆቻችሁን ምን በሉ ብላችኋል? ማንን አናውቀውም እንዲሉ አስተምራችኋል? የገጠሯን አክስት? የተቸገረውን አጎት? እዚህ ቤተ ክርስቲያን የምታመልኩትን አምላክ ቢሮ ስትገቡ በር ላይ ጥላችሁት የምትገቡስ የላችሁም? ሰው ምን ይለኛል፣ ቦታዬን አጣለሁ፣ ያባርሩኛል ብላችሁ?

እግዚአብሔር እንደዚያ አባት ነው። ስማችንን እየጠራ በሰው ፊት እጁን ያነሣል። እኛ አላውቀውም ስንል ይሰማል። እኛን ማዋረድ አይፈልግም። ግን ልቡ አያዝንም ትላላችሁ? ከእርሱስ ከሸሸን ወደ ማን እንሄዳለን?

አሁን ጉባኤው ሲያበቃ ልጆቻችሁ ከሕፃናት ክፍል ወጥተው ወደ እናንተ ይሮጣሉ። አትቸኩሉ። ከማቀፋችሁ በፊት ዝቅ በሉና ዐይናቸውን እዩ። ዐይናቸው ውስጥ "ምን ልበል?" የሚል ጥያቄ ካያችሁ፣ እባካችሁ፣ ዛሬውኑ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ "እውነቱን በይ ልጄ፣ እኔ አለሁ" በሏቸው።