ጉርሻ የከለከለች ሚስት

አንድ ሸማኔ ነበረ፣ ሽሮ ሜዳ። ስሙን ደርቤ እንበለው። አንድ ቀን ጠዋት ከሽመና ጉድጓዱ ሊወጣ ሲል ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደወደቀ ቀረ። መወርወሪያ ሲያመላልስ ዓይን የማይከተለው እጅ ነበር እኮ!

ሚስቱ እልፍነሽ ምን ታድርግ? ታጎርሰዋለች። እኛ አገር ፍቅር በምን ይገለጣል? በጉርሻ አይደል? ትከሻው ትንሽ ነቅነቅ ካለ፣ "ኧረ በሞቴ! እኔ እያለሁልህ!" ብላ ትቀድመዋለች።

ሐኪም ቤት አንዲት የአካል ሕክምና ባለሙያ ጆሮ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ሰጠቻቸው። ቁልፉን ሲጫኑት ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ በቀስታ ይነዝረዋል። "እጁን ሊያነሳ ሲሞክር ይጫኑለት" አለች። እልፍነሽ ግን መድኃኒት ይብዛለት ብላ ስታጎርሰውም ትጫናለች፣ ሲያንቀላፋም ትጫናለች። እጁ ፍንክች አላለም።

ተቆጥታ ወደ ባለሙያዋ ተመለሰች። "ልጄ፣ ይሄ ነገራችሁ አይሠራም!"

"እትዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚጫኑት?"

"ሁልጊዜ ነዋ! ሳጎርሰው፣ ሲተኛ…"

"እሳቸውስ ያን ጊዜ ምን ያደርጋሉ?"

እልፍነሽ አሰበች። ምን ያደርጋል? አፉን ይከፍታል!

"ንዝረቱ እጅ አያነሳም፣ እትዬ። አንጎልን 'ልብ በል፣ አሁን የሞከርከውን ያዝ' ነው የሚለው። ካልሞከሩ ምኑን ይያዝ? ከሞከሩ ግን ከተጎዳው ቦታ አጠገብ ያለው ጤነኛው ክፍል ቀስ እያለ ሥራውን ሊለምድ ይችላል።"

አይገርማችሁም? አንጎል እንኳ በስተርጅና አዲስ መንገድ ያወጣል! ግን ባለቤቱ ልሞክር ብሎ ሲነሳ ነው።

ማታ ማዕድ ቀረበ። እልፍነሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

"ተቀየምሽኝ እንዴ?" አለ ደርቤ።

"አልተቀየምኩህም። በቀኝህ ብላ።"

ቀኝ እጁን እንደ ምንም ወደ እንጀራው ጎተተ፤ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ቁልፉን ተጫነች። እንጀራው ወደቀ። እንባዋ መጣ፤ አላነሳችለትም። ጎረቤት "ምነው ጨከነች!" አለ። በማግስቱም እጇን ሸሸገች፤ በማግስቱም ወደቀ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ያ እጅ ወጥ እያንጠባጠበ ተነሳ። ወደ ደርቤ አፍ መሰላችሁ? ወደ እልፍነሽ አፍ ሄደ! ግማሹ አገጯ ላይ ቀረ። እሷም እያለቀሰች ጎረሰች።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? "ጌታ ሆይ፣ ዳስሰኝ" ትላላችሁ። መልካም! ሲዳስሳችሁ ምን ስታደርጉ ያገኛችኋል? አፋችሁን ከፍታችሁ? "ይቅርታ የምለው ልቤ ሲለሰልስ ነው" የምትሉ፣ ልባችሁ ተኝታችሁ ይለሰልሳል?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ያኮረፋችሁት ሰው ማዕዱ ላይ ይኖር ይሆናል። የደረቀችውን እጃችሁን አንሱ። ትንቀጥቀጥ ግድ የለም። ጉርሻችሁ አገጩ ላይ ቢቀርም፣ እጃችሁን አትመልሱ።